ፊልም ይዞ ከዋሽንግተን ጎንደር፦ የኤክስሬዩን ነገር እንዴት እንደተወጣሁት

ጥምቀትን ጎንደር ላይ በፊልም ካሜራ ላነሳ ስወስን፣ ከሌንስ ምርጫ በፊት ቁጭ ብዬ ያሰብኩት መንገዱ ላይ ስላሉት የኤክስሬይ ማሽኖች ነው። ከዋሽንግተን ዳለስ ስነሳ አንድ ፍተሻ አለ። ቦሌ ደርሼ ወደ አገር ውስጥ በረራ ስቀይር ሌላ ይጠብቀኛል። መልሱ ደግሞ ይብሳል፤ ጎንደር ላይ ይፈተሻል፣ ቦሌም ገና የተርሚናሉ በር ላይ ከቼክ ኢን በፊት ሻንጣ በማሽን ያልፋል፣ ወደ መሳፈሪያው ሳይገባም እንደገና። ለስልክና ለሜሞሪ ካርድ ይሄ ሁሉ ምንም ማለት አይደለም። ያልታጠበ ፊልም ግን ያገኘውን ጨረር ሁሉ ያጠራቅማል፤ የዛሬው በነገው ላይ ይደመራል።

ፊልም ላይ ያለው የብር ውህድ ብርሃን ሲያርፍበት እንደሚለወጥ ሁሉ ኤክስሬይም ይለውጠዋል። ሬንትገን እ.ኤ.አ. በ1895 ያገኘውን ጨረር ለዓለም ያሳየውም በፎቶ ሳህን ላይ ባነሳው የባለቤቱ እጅ አጥንት ነበር። ጉዳቱ ቀድሞ የሚታየው ጥላ ውስጥ ነው፦ ጥቁር መሆን የነበረበት ቦታ ይገረጣል፣ ምስሉ ይሻክራል፣ የቀለም ፊልም ከሆነ ጥላው ቀለም ይቀይራል። የፊልሙ ፍጥነት፣ ማለትም በአይኤስኦ ቁጥር የሚለካው ለብርሃን ያለው ስሜት፣ ከፍ ባለ ቁጥር ጉዳቱም ይጨምራል። የእኔ ጭንቀት እዚህ ላይ ነበር። የከተራ ማታ ታቦታቱ ጥምቀተ ባሕሩ ዘንድ ሲያድሩ ያለው ብርሃን ጧፍና አምፖል ነው፤ ለዚያ የ100 አይኤስኦ ፊልም አይሆንም። የያዝኩት ኢልፎርድ ዴልታ 3200 እና ፍጥነቱን ከፍ አድርጌ እንደ 1600 ፊልም የማነሳበት ኮዳክ ትራይ ኤክስ 400 ነበር።

ሁሉም ማሽን አንድ አይደለም። የቆየው ዓይነት የእጅ ሻንጣ ማሽን ጨረሩ አነስተኛ ነው፤ ከ800 አይኤስኦ በታች የሆነ ፊልም ጥቂት ጊዜ ቢያልፍበት ብዙም ለውጥ አይታይበትም። አዲሱ የሲቲ ማሽን ግን ሌላ ነገር ነው። እንደ ሆስፒታሉ ሲቲ ስካን ሻንጣውን ዙሪያውን እየዞረ ያነሳዋል፤ ኮዳክም ኢልፎርድም ፊልም በዚያ ውስጥ እንዳያልፍ ያስጠነቅቃሉ። ከሩቅ የምለየው እንዲህ ነው፦ ማሽኑ ወፍራምና ክብ የበዛበት ነው፣ ፈታሾቹም «ላፕቶፕ አታውጡ፣ ውስጥ ይሁን» ይላሉ። ያንን ስሰማ የ100 አይኤስኦ ፊልም እንኳ ቢሆን አላሳልፍም።

ለጭነት የሚሰጠው ሻንጣ ውስጥ ፊልም ማስገባት ጨርሶ አይታሰብም። እዚያ ያሉት ማሽኖች ከሁሉም ይበረታሉ። በእርሳስ የተለበጠ የፊልም ከረጢትን ብዙ ሰው ይመክራል፤ እኔ ትቼዋለሁ። ፈታሹ ስክሪኑ ላይ የሚያየው ምንነቱ የማይታወቅ ጥቁር ነገር ነው፤ ያን ጊዜ ወይ ሻንጣውን ያስከፍታል፣ ወይ ደግሞ ደጋግሞ ያሳልፈዋል። መጨረሻው በእጅ መፈተሽ ከሆነ ከመጀመሪያው በእጅ ማስፈተሹ ይሻላል።

ስለዚህ ዋናውን ሥራ ቤቴ ጨረስኩ። ፊልሞቹን ከካርቶናቸውና ከፕላስቲክ ዕቃቸው አውጥቼ፣ ከውጭ በደንብ በሚያሳይ አንድ ዚፕ ከረጢት ውስጥ ከተትኳቸው። ዴልታ 3200 የሚለው ጽሑፍ ከላይ እንዲታይ አደረግሁ። ትራይ ኤክሶቹ ላይ በማርከር «1600» ብዬ ጻፍኩ፤ እጥበቱ ላይ ሲገፋ፣ ማለትም ረዘም ላለ ጊዜ ሲታጠብ፣ ጨረሩ የጨመረውም አብሮ ስለሚጎላ ፊልሙ የሚታሰበው በዚያ ፍጥነት ነው። ካሜራውን ባዶ አደረግሁት። ይሄኛው በጣም ይጠቅማል፦ ፊልም ያለበትን ካሜራ ፈታሽ ከፍቶ ሊያየው አይችልም፣ እናም ወደ ማሽኑ ከመግባት የሚያስጥለው ነገር የለም።

ዳለስ ላይ ቀላል ነበር። የአሜሪካው የኤርፖርት ፍተሻ መሥሪያ ቤት ቲኤስኤ ራሱ ያልታጠበ ፊልም በእጅ እንዲፈተሽ ጠይቁ ይላል፤ ሻንጣዬን ቀበቶው ላይ ሳላስቀምጥ ከረጢቱን አሳየሁ፣ አንዱ በነጭ ጨርቅ ጠረግ ጠረግ አድርጎ ጨርቁን በፈንጂ መመርመሪያው አየና መለሰልኝ።

ቦሌ ላይ ያገኘኋት ፈታሽ ግን ፊልም በእጇ ይዛ የምታውቅ አልመሰለኝም። «እህቴ፣ ይሄ ያልታጠበ የካሜራ ፊልም ነው፣ ማሽኑ ያበላሸዋል፤ እባክሽ በእጅሽ እዪልኝ» አልኳት። አንዱን አነሳችና የፊልሙን ጫፍ በጥፍሯ ይዛ መሳብ ጀመረች። «እሱን ባትስቢው፣ ብርሃን ይገባበታል» ስላት ቆመች፤ ፊቷ ላይ ጥርጣሬ ነበር፣ እውነቷን ነው። ያን ጊዜ ዕድሜው ገፋ ያለ ኃላፊ መጣና አንዷን ፊልም ጆሮው ስር አድርጎ ነቀነቃት፣ ፈገግ አለ። «የዱሮው ፊልም እኮ ነው! ዛሬም ይሄን የሚያጥብ አለ?» አለኝ። ቀሪዎቹን አንድ በአንድ አገላብጦ አይቶ አሳለፈኝ። ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ ይዣለሁ፦ ያነሳሁበትን ፊልም ስጠቀልል ጫፉን ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ አስገባዋለሁ። የሚሳብ ነገር ከሌለ ማንም አይስበውም፤ ያልተነሳበትና የተነሳበትም አይምታቱብኝም።

ሁሌም እሺ አይሉም። ዘመድ ጥየቃ አውሮፓ በሄድኩበት ጊዜ አንድ ኤርፖርት ላይ የሲቲ ማሽን ገጠመኝ፤ ለመንኩ፣ አለቃ አስጠራሁ፣ «ሕጉ አይፈቅድም» ተባልኩ። ፊልሙ ባለ 400 የቀለም ፊልም ነበር። ሲታጠብ ደማቁ ቦታ ደህና ነው፤ የአክስቴ ጥቁር ካባ ግን የጥልፉ ዳር ሳይቀር ወደ አረንጓዴ ባደላ ግራጫ ውስጥ ሰምጧል። ስካን ሳደርግ ጥቁሩን ጨለም በማድረግ ትንሽ አዳንኩት፣ ጥልፉ ግን አልተመለሰም። አክስቴ ካባዋን ለፎቶው ብላ ነበር የለበሰችው፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ያ ነገር የጉዞ አመራረጤን ቀየረው። አሁን ቲኬት ስገዛ ዋጋው ትንሽ ቢጨምርም መሀል ላይ የማያስወርድ በረራ እመርጣለሁ፤ አንድ ኤርፖርት በቀነሰ ቁጥር አንድ ልመና ይቀንሳል። የማድርበት ከተማ ጥሩ ማጠቢያ ካለው ፊልሙን እዚያው አሳጥቤ ነው የምሳፈረው፤ የታጠበን ኔጌቲቭ ማሽኑ ምንም አያደርገውም። ከጎንደር ስመለስ ግን ያን አማራጭ አልፈለግሁም። 1600 ላይ የተነሳን ትራይ ኤክስ ሁሌ ከሚያጥብልኝ ሰው ውጭ ለማንም አልሰጥም። ስለዚህ በየፍተሻው ቀደም ብዬ፣ ሰልፉ ሳይበዛ እየደረስኩ ያንኑ ከረጢት አወጣሁ። የተቻኮለ ፈታሽ የሚቀናው ቃል «አይቻልም» ነው፤ ጊዜ ያለው ግን ያዳምጣል። የከተራው ኔጌቲቭ ላይ ከጧፎቹ ጀርባ ያለው ጨለማ ጥቁር ሆኖ ወጥቷል፣ የካህናቱ ጥላዎች ውስጥም ዝርዝሩ አለ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም በኛ ሰው ዘንድ በብዛት የማየው ነው። ለአገር ቤት ልጆች ፎቶውን ወዲያው አትሞ የሚያወጣውን የኢንስታክስ ካሜራ ከነፊልሙ መላክ ተለምዷል፣ ደስም ይላል። የኢንስታክስ ፊልም 800 አይኤስኦ ነው፤ ይሄን በ23 ኪሎው ሻንጣ ውስጥ ከልብሱና ከጫማው ጋር ማጨቅ ማበላሸት ነው። አድርሱልኝ ብለው የሚሰጧችሁ ሰዎች ላያውቁ ይችላሉ፣ ስለዚህ ጠይቋቸው፦ «ፊልም አለበት?» ካለበት የፊልሙን ካርቶን ከሻንጣው አውጥታችሁ በእጅ ያዙት፣ ካሜራውን ብቻ ሻንጣ ውስጥ ተዉት። ፊልሙ የተቀመጠበትን የፕላስቲክ ካርትሪጅ ግን ፈታሽ እንዲከፍተው አትፍቀዱ፤ እንዳለ ይዞ፣ ውጪውን አይቶና ጠርጎ መመለስ ይችላል።