አፉን በቅጡ መክፈት ያልቻለው ረዳት

ድሬዳዋ ከዚራ አካባቢ በሚገኝ መድኃኒት ቤት በፋርማሲ ባለሙያነት ስሠራ፣ ስለ መጨረሻው መንጋጋ ጥርስ ሕመም የሚጠይቁኝ ደንበኞች በአብዛኛው ከ17 እስከ 25 ዓመት ያሉ ወጣቶች ናቸው፤ ጥርሱ የሚበቅለው በዚሁ ዕድሜ ነውና ይህ አያስገርምም። የሚያስገርመው ብዙዎቹ ሕመማቸውን ከመናገራቸው በፊት የመድኃኒቱን ስም መጥራታቸው ነው። "አሞክሳሲሊን ስጠኝ" ይላሉ፣ የታወቀውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ማለታቸው ነው፤ የሐኪም ማዘዣ ስጠይቃቸው ደግሞ ለድድ እብጠት ምን ማዘዣ ያስፈልጋል ብለው ይከራከሩኛል።

በሰኔ ወር አንድ አመሻሽ ላይ፣ በደወሌ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚወርዱ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ረዳታቸውን አስከትለው ገቡ። ረዳቱ ሃያዎቹን የጀመረ ልጅ ሲሆን የግራ መንጋጋው ማዕዘን በግልጽ አብጧል። ስለ እርሱ የሚናገሩት ሹፌሩ ነበሩ።

"ዶክተር፣ ያችን ቀይና ቢጫ እንክብል ስጠው። ባለፈውም ወስዶ ተሽሎት ነበር። ሌሊቱን ስለምንወርድ ቶሎ በልልን አቦ።"

ልጁን የራሱን ሦስት ጣቶች ደራርቦ በፊት ጥርሶቹ መካከል እንዲያስገባ ጠየቅሁት። ጤነኛ ሰው ይህን ያለ ችግር ያደርገዋል፤ እርሱ ግን አንዱን ጣቱን እንኳ ያስገባው በጭንቅ ነው። ትኩሳቱን ስለካው ከ38 ዲግሪ በላይ ሆኖ አገኘሁት። ከአገጩ ሥር ንፍፊት ወጥቶበታል፤ ምራቁን መዋጥ ይችላል፣ ነገር ግን ያመዋል። በትንሽ ባትሪ ባየሁት መጠን፣ የታችኛው የመጨረሻ መንጋጋው ግማሹ ብቻ ብቅ ብሎ ቀሪው በቀላ የድድ ክዳን ተሸፍኗል፤ ከክዳኑ ጠርዝም መግል ይታያል።

ይህ ሕመም የሚጀምረው ጥርሱ ለመውጣት በቂ ቦታ ሲያጣ ነው። በድድ ክዳኑና በጥርሱ መካከል በሚፈጠረው ጠባብ ኪስ ውስጥ የምግብ ፍርፋሪ ይገባል፤ ብሩሽ ስለማይደርስበት ባክቴሪያ ይራባበታል። ድዱ ሲያብጥ ደግሞ የላይኛው ጥርስ ሰውየው ባኘከ ቁጥር ይነክሰዋል፤ በተነከሰ ቁጥርም እብጠቱ ይብሳል። በእኛ ከተማ ከዚህ ሁሉ ላይ በርጫ ይጨመራል። ጫት ለሰዓታት በአንድ ጉንጭ ሲያዝ ማረፊያው ከኋለኛው ጥርስ ጎን በመሆኑ፣ የቅጠሉ ስብርባሪ ወደ ኪሱ ለመግባት ሰፊ ጊዜ ያገኛል። በየትኛው ጉንጩ እንደሚይዝ ስጠይቀው ረዳቱ ያበጠውን ጎኑን በእጁ አመለከተኝ።

ባለፈው ጊዜ እንክብሉ፣ ማለትም አሞክሳሲሊኑ፣ ለምን አሻለው፣ ሕመሙስ ለምን ተመለሰ የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ መልስ ያገኛል። መድኃኒቱ በደም ተጉዞ ወደ ሥጋው የተሰራጨውን ኢንፌክሽን ያዳክማል እንጂ በኪሱ ውስጥ የተጠቀጠቀውን ቆሻሻ አያወጣም። ቆሻሻው መታጠብ አለበት፤ የጥርስ ሐኪሙ በመርፌ አልባ ሲሪንጅ ጨው ያለበት ንጹሕ ውኃ ወይም ክሎርሄክሲዲን የተባለ ባክቴሪያ ገዳይ የአፍ ማጠቢያ ከክዳኑ ሥር እየረጨ ያጥበዋል። እብጠቱ በዚያው ድድ ብቻ ተወስኖ፣ ትኩሳት ሳይኖርና አፍ እንደልብ ሲከፈት፣ ይህ እጥበትና የሕመም ማስታገሻ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ይበቃል። የልጁ ሁኔታ ግን ከዚያ አልፎ ነበር።

"ጋሼ፣ ይህ ልጅ ዛሬ መንገድ መውጣት የለበትም" አልኳቸው።

"ጥርስ ነው እኮ፣ ልብ አይደለም!" አሉኝ።

ከመንጋጋው ጀርባ የሚነሳ ኢንፌክሽን በሥጋው መካከል ወደ ምላስ ሥርና ወደ ጉሮሮ ሊወርድ እንደሚችል፣ ያኔም መዋጥ ብቻ ሳይሆን መተንፈስ እንደሚቸግር፣ ከዚህ እስከ ደወሌ ደግሞ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑን አስረዳኋቸው። ያሳመናቸው ርቀቱ ይመስለኛል፤ ሹፌር ናቸውና በሌሊት በዚያ መንገድ ላይ መቆም ምን ማለት እንደሆነ እኔ ልነግራቸው አያስፈልግም ነበር። በስልክ ሌላ ረዳት ፈልገው፣ ልጁን ራሳቸው ወደ ጥርስ ሐኪም አደረሱት።

እስኪወጡ ድረስ ልጁ በቤት ያደረገውን ሲነግረኝ፣ አስፕሪን ፈጭቶ ድዱ ላይ አድርጎ እንደነበረ ሰማሁ። ይህ በአካባቢያችን የተለመደ ቢሆንም አሲድ በመሆኑ ሥጋውን ያቃጥላል፤ አስፕሪን የሚሠራው ሲዋጥ ነው። ቅርንፉድ ለጊዜው ያደነዝዛል፣ ግን ኪሱን አያጸዳም። ከቤት ውስጥ መላዎች ሁሉ ያለማመንታት የምመክረው ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ በጥብጦ በቀን ደጋግሞ መጉመጥመጥና በዚያ ቦታ ለስላሳ ብሩሽ በጥንቃቄ መጠቀም ነው።

ረዳቱ ሲመለስ ኪሱ ታጥቦለት፣ ትኩሳት ስለነበረውና አፉ ስለተቆለፈ አሞክሳሲሊንና ሜትሮኒዳዞል የተባለ ሌላ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ታዞለት ነበር። ሜትሮኒዳዞሉን እስኪጨርስ መጠጥ እንዳይቀምስ በካርቶኑ ላይ ጻፍሁለት። ከዚያን ዕለት ወዲህ በመድኃኒት ቤታችን ለድድ እብጠት የሚመጣን ሁሉ ስለ ማዘዣ ከመጠየቃችን በፊት የአፉን መከፈት በራሱ ጣቶች እናስለካዋለን፣ መዋጥ መቻሉንና ትኩሳቱን እንጠይቃለን። ደንበኛው "ማዘዣ አምጣ" ሲባል የሚሰማው የተዘጋ በር ነው፤ አፉ አለመከፈቱን በራሱ ጣት ሲያየው ግን ወደ ሐኪም ለመሄድ ብዙም አይከራከርም።

እብጠቱ ከረገበ በኋላ ሐኪሙ ራጅ አስነሥቶ፣ የጥርሱ ሥር በታችኛው መንጋጋ ውስጥ ለሚያልፈው ነርቭ ምን ያህል እንደሚቀርብ አይቶ ነቀለለት። ሹፌሩም ከጅቡቲ ተመልሰው የሕመም ማስታገሻውን ሊገዙለት አብረው መጡ። በተነቀለበት ቦታ የረጋው ደም ቁስሉን እንደሚሸፍን፣ እርሱ ከተነሣ አጥንቱ ተጋልጦ ከፊተኛው የባሰ ሕመም እንደሚያመጣ፣ ስለዚህ ሲጋራም ጫትም እንደማይፈቀድ ነገርኳቸው።

"በቀኝ ጉንጩስ ቢይዝ?" አሉ ሹፌሩ።

ጭማቂውን መምጠጡ ራሱ ደሙን ሊያነሣው እንደሚችል ከነገርኳቸው በኋላ፣ ልጁ በእጁ የያዘውን የራጅ ፊልም ወደ መብራቱ አንሥቼ አሳየኋቸው። የቀኙም የመጨረሻ መንጋጋ ወደ ጎረቤቱ ጥርስ ዘምሞ ተኝቷል፤ ሐኪሙም ለእርሱ ቀጠሮ ሰጥቶበታል።