ገነተ ልዑል፦ ስድስት ኪሎ ግቢ ያለው ቤት

ተማሪ ሳለሁ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ብዙ ከሰዓት በኋላዎችን አሳልፌያለሁ። የማነብበት ቤት የንጉሥ ቤት እንደነበር የገባኝ ግን ዘግይቶ ነው።

ገነተ ልዑልን ያሠሩት አፄ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። ብዙም ሳይኖሩበት ጣሊያን ገባ፤ ቤቱም የጣሊያኑ ገዥ የግራዚያኒ ሆነ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ለድሆች ምጽዋት በሚታደልበት ሰዓት አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ የወረወሩት እዚሁ ነው። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን የፈሰሰውን ደም የሰማዕታት ሐውልቱ ያስታውሰናል። በር ላይ ነው፣ በየቀኑ እናልፈዋለን።

ከቤቱ ፊት ለፊት ወደ የትም የማያደርስ ጠመዝማዛ ደረጃ አለ። ፋሺስቶች በአገራቸው በጣሊያን ሥልጣን ላይ የቆዩበትን ዓመት እየቆጠሩ የሠሩት ነው። ከነጻነት በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። እኔ ከግቢው ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ነው። ሳያፈርሱት መተዋቸው ጥሩ ነው።

በታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ደግሞ የታገቱት ባለሥልጣናት አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ተረሸኑ። አርበኛው ራስ አበበ አረጋይም እዚያው ወደቁ። ንጉሡ ከዚያ በኋላ ግቢውን ለትምህርት ሰጡት፤ በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ።

ዛሬ ፎቁ ሙዚየም ነው። የንጉሡ መኝታ ክፍልና መታጠቢያ ቤት ሳይቀር ይጎበኛል። ባለፈው ሳምንት ልጄን ይዤ ሄጄ ነበር። አንበሳው ሥር ቆማ ደረጃዎቹን አንድ በአንድ ቆጠረች።