ለጋሼ ስቴም ሴል ስሰጥ

የታላቅ ወንድሜ ደም ማነስ በአይረን ክኒን አልስተካከል አለ። ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተጻፈለት። ከዳሌው መቅኒ ተወስዶ ሲመረመር ኤምዲኤስ የሚባል የመቅኒ በሽታ ነው ተባለ። መቅኒው ሕዋስ ያመርታል፤ ግን በደንብ ሳይበስል ይበላሻል። ብላስት የሚባሉት ጥሬ ሕዋሳት መቅኒው ውስጥ 20 በመቶ ሲሞሉ በሽታው ወደ ሉኪሚያ፣ ማለትም ወደ ደም ካንሰር ተሻገረ ይባላል። የእሱ ወደዚያው እየሄደ ነበር። ኬሞ ያስታግሰዋል እንጂ አይነቅለውም፤ ሊነቅለው የሚችለው የሌላ ሰው ስቴም ሴል፣ ማለትም መቅኒ ውስጥ ሆኖ ደም የሚያመርተው እናት ሕዋስ ነው።

እኛ ወንድምና እህቶቹ ወዲያው ተመረመርን። ይሄ በጣም ጠቀመን። ዋናው የደም ዓይነት ሳይሆን ኤችኤልኤ የሚባለው፣ ሰውነት የራሱን ሕዋስ ከባዕድ የሚለይበት ምልክት ነው። ከአንድ እናትና አባት የተወለዱ ሁለት ልጆች ሙሉ ለሙሉ የመግጠም ዕድላቸው 25 በመቶ ነው። ዕጣው ለእኔ ወጣ።

እማዬ ከመንዝ ድረስ መጥታ «አንዱን ላድን ብዬ የሌላዋን ወገብ ላስቆርጥ?» አለች። አጥንቴ የሚከፈት መስሏት ነው። ቀዶ ጥገና እንኳ አልነበረውም። ለንቅለ ተከላው ሕንድ ዴልሂ ሄደን፣ ስቴም ሴሉን ከመቅኒ ወደ ደም የሚያስወጣ መርፌ በየቀኑ ተወጋሁ። ወገቤንና ጭኔን ቆረጠመኝ። ከዚያ ሁለቱም ክንዴ ላይ መርፌ ተሰክቶ ማሽኑ ጋ ተጋደምኩ። ደሜ በአንዱ ይወጣል፣ ስቴም ሴሉ ይቀርና በሌላው ይመለሳል። ሰዓታት ይፈጃል። አፍንጫዬን ሲበላኝ የሚያክክልኝ ሰው መጥራት ነበረብኝ! ከንፈሬን ሲነዝረኝ ካልሲየም ሰጡኝ። ጋሼ ደግሞ የራሱ መቅኒ ቀድሞ በከባድ ኬሞ ተጠርጎ ነበር፤ የእኔ ልክ እንደ ደም በደም ሥሩ ገባለት።

ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የለጋሽ ሕዋስ የታማሚውን ቆዳ፣ አንጀትና ጉበት እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሊያጠቃ ይችላል። ጋሼም ቆዳው ሽፍ አለበት። ይህን የሚያበርደው መድኃኒት ደግሞ ለኢንፌክሽን ያጋልጣል። ለዚህ ነው እስከ 100ኛው ቀን ገደማ ከሆስፒታሉ አትራቁ የሚሉት። ገንዘብ ስታሰባስቡ የንቅለ ተከላውን ብቻ አታስሉ፤ የቤት ኪራይና የመድኃኒቱን ጨምሩ። ዘመድ በግ ሸጦ ያዋጣው ያለቀው እዚያ ላይ ነው።

አገር ቤት ስንገባ ጠያቂ ጎረፈ። ጉንፋን የያዘውም ሊስመው ይመጣል። ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ተከልክሏል ብል ማን ሰምቶኝ! ከበር የመለስኳቸው ተቀይመውኛል። ይቀየሙ። ጋሼ ግን «እንዳንቺ ያለ ዘበኛ የለም» እያለ ይስቃል። የደም ዓይነቱ ኤ ነበር፤ አሁን እንደ እኔ ኦ ሆኗል። የድሮው መከላከያው ከመቅኒው ጋር ስለተጠረገ የልጅነት ክትባቱንም እንደ አዲስ ሊጀምር ነው።