ከላሙ መልስ

ሐረር ከገባሁ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ሻንጣዬን ገና አልፈታሁም። ጫማዬን ባነሳሁ ቁጥር አሸዋ ይረግፋል፤ ላጥበው አላስቻለኝም።

አራት ነበርን። ሁለቱ የድሬ ልጆች፣ ሁለታችን የሐረር። አንዳችንም ባሕር አይተን አናውቅም። በአውቶቡስ ሞያሌ፣ ከሞያሌ ናይሮቢ፣ ከናይሮቢ በባቡር ሞምባሳ። ከዚያ የሕንድ ውቅያኖስን በስተቀኝ ይዘን ወደ ሰሜን፦ ኪሊፊ፣ ማሊንዲ፣ መጨረሻ ላይ ላሙ፣ የኬንያዋ የደሴት ከተማ። ስለ መንገዱ ብዙ አልልም። ወገብ ይቆርጣል፣ በቃ።

ሞምባሳ ስንደርስ እኛን የሐረሮቹን ሙቀቱ ጣለን። የድሬዎቹ መጀመሪያ "አቦ፣ ይሄ እኮ ከዚራ ነው!" አሉ፤ የድሬን ሰፈር ማለታቸው ነው። በሁለተኛው ቀን እነሱም ዝም አሉ። የድሬ ሙቀት ደረቅ ነው፣ ጥላ ስር ከገቡ ይተዋል። እዚያ ግን ጥላውም ያልባል።

የምናድረው ሆስቴል ነበር። አንድ ክፍል ውስጥ ስምንት ሰው፣ ተደራራቢ አልጋ፣ የጋራ ሻወር፣ የጋራ ወጥ ቤት። ለብቻ ክፍል ከመያዝ በጣም ይረክሳል። ኪሊፊ ላይ ፍሪጁን ስከፍት ሁሉም ነገር ላይ ስም ተጽፏል። ወተቱ ላይ፣ እንቁላሉ ላይ፣ ቲማቲሙ ላይ። አንድ ግማሽ ሽንኩርት በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ እሱም ላይ ስም አለ። ቆሜ አየሁት። ስስት መሰለኝ፣ እውነቴን ነው። በኋላ ባለቤቷን ሳዋራት ግን ወራት ሙሉ መንገድ ላይ እንዳለች ነገረችኝ። ያቺ ግማሽ ሽንኩርት የነገ እራቷ ነች።

ከቤት ሽሮ ይዘን ነበር። ማታ ሠራን። ድስቱ መሃል ላይ ቁጭ ብሎ፣ ዙሪያችን የማናውቃቸው ሰዎች እያዩን፣ ለብቻችን መብላት አልሆነልንም። "እንብላ" አልን። መጀመሪያ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከዚያ ልጅቷ ተነሥታ ፍሪጁን ከፈተች፣ ሽንኩርቷን ከላስቲኩ አወጣችና በስሱ ከትፋ ሽሮው ላይ በተነችው። በቻፓቲ በላን። እንዲህ የጣፈጠኝ ሽሮ አላስታውስም። ሲመሽ ሁላችንም ውኃ ዳር ወረድን። በጨለማ እጃችሁን ስታስገቡ ውኃው ያበራል፤ ዓይን የማያያቸው ደቃቅ ፍጥረታት ናቸው ሲነኩ የሚያበሩት። ማንም አላወራም።

ላሙ ላይ ግን ሆዴ ባባ። መንገዶቹ የጀጎል፣ በግንብ የታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ መንገዶች ናቸው። ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ የሚተላለፍባቸው፣ አህያ ከመጣ ግድግዳ ላይ የሚያስለጥፉ። ከአንድ በር የልብስ ስፌት መኪና ድምፅ ሰምቼ መኪና ግርግር፣ የሐረሩ የልብስ ሰፊዎች መንገድ፣ ያለሁ መስሎኝ ዞርኩ። ያደርንበት ቤት ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ የተሠራ አሮጌ ቤት ነው። ግድግዳው ውስጥ እንደ መደርደሪያ የተሠሩ ትንንሽ ቅርጾች አሉ፤ የሐረሪ ቤት ውስጥ ዕቃ እንደሚደረደርባቸው ያሉ። ስልኬን እዚያ አስቀምጬ ስተኛ የትኛው ከተማ እንዳለሁ ለአፍታ ጠፋኝ። ላሙ በ2001፣ ጀጎል በ2006 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ይህን ቀድሞም አውቅ ነበር። ማወቅና እዚያ ማደር ለየቅል ነው።

አንድ ባለ ጀልባ ማንዳ ደሴት ሊወስደን ተስማማና "ነገ ሳ ሞጃ" አለን። አንድ ሰዓት ማለቱ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ከፈረንጅ ሰዓት ስድስት እየቀነስን ስለከረምን ይሄንንም ቀነስንና ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ሄድን። ጀልባው የለም። ለካ ስዋሂሊም ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛው ከንጋት ጀምሮ ነው። ሳ ሞጃ የራሳችን የጠዋቱ አንድ ሰዓት ነበር። ማታ ሰውየውን አግኝተን የእኛን አቆጣጠር ስንነግረው እጄን ይዞ ረጅም ጊዜ ወዘወዘው።

የመጨረሻው ቀን አንድ ሕፃን "ጃምቦ! ጃምቦ!" እያለ ተከተለኝ። ዓይኑ ጀርባዬ ላይ ካለው ሻንጣ አይነቀልም። ያንን ዓይን አውቀዋለሁ። ያደግሁት ሸዋ በር አካባቢ ነው። ትልልቅ ሻንጣ ያዘሉ እንግዶች በበሩ ሲገቡ ከኋላቸው እየሮጥን ነው ያደግነው። የት እንደሚያድሩ፣ ማን እራት እንደሚጋብዛቸው አንድም ቀን አስቤ አላውቅም።

ጀጎል ውስጥ የገዛ ቤታቸውን ክፍል ለእንግዳ የሚያከራዩ የሐረሪ ቤተሰቦች አሉ። እዚሁ ተወልጄ አንዱም ቤት አድሬ አላውቅም ነበር። ትናንት የድሬዎቹ ወደ ቤታቸው ከመውረዳቸው በፊት አራታችንም አንዱ ጋ ገባን። ቀይ የተቀባው መደብ ላይ ተቀመጥን። ከጀርባችን ግድግዳው ሙሉ ስፌት ተሰቅሏል።

"ከየት ነው የመጣችሁት ልጆቼ?" አሉን የቤቱ እመቤት።

የድሬዎቹ ቶሎ መለሱ። እኔ ትንሽ ቆየሁ።

"ከሸዋ በር።"

ቀና ብለው አዩኝ። አልሳቁም፣ ለምንም አላሉኝም። ቁጢ፣ የቡና ቅጠል ማለት ነው፣ በወተት አፍልተው አመጡልን፤ ለእኔም እንደ ሌላው እንግዳ በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ዞር ብለው ጠዋት ስንት ሰዓት እንዲቀሰቅሱን ጠየቁን።

አንድ ሰዓት አልናቸው።