ከበሩ በላይ ያለው ካፒቴን

"ነገ ዶላር ልሄድ ነው" ስለው ጓደኛዬ በስልክ "ስንት ገባ?" አለኝ። ስኮትላንድ ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ መሆኗን ለማስረዳት አምስት ደቂቃ ፈጀብኝ።

ከስተርሊንግ በአውቶቡስ ነው የሄድኩት። የኦኪል ተራሮች ሥር ስደርስ ዝናቡ ከላይ ሳይሆን ከጎን ይመጣ ነበር፤ ጃንጥላዬ ወዲያው ተገለበጠ። የሸሸሁበት ካፌ ለአንድ ሻይና ለደረቀ ኬክ ሰባት ፓውንድ ተኩል ተቀበለኝ። ሻዩ ለብ ያለ ነበር። እናቴ ብታይ አስተናጋጇን "ድጋሚ አፍይው" ትላት ነበር። እኔ ዝም ብዬ ከፈልኩ።

የመጣሁት ዶላር አካዳሚን ለማየት ነው። እሑድ ስለሆነ ተማሪ የለም። ባለ ትላልቅ ዓምድ ነው፤ የገጠር ትምህርት ቤት ሳይሆን ቤተ መንግሥት ይመስላል። ዊልያም ፕሌይፌር የሚባል አርክቴክት ነው የነደፈው። በ1961 (በፈረንጆቹ) እሳት ውስጡን በላው፤ የፊት ግንቡ ግን ተረፈ። እኔ አንደኛ ደረጃ የተማርኩት ጭቃ ቤት ውስጥ ነው፤ መቀመጫችንን ከቤት ይዘን ነበር የምንሄደው። ቅናት ቢጤ ተሰማኝ፤ አልዋሽም።

አውቶቡስ መጠበቂያው ጋ ውሻ የያዙ ባልቴት ተቀምጠዋል። "ካፒቴኑን አየኸው?" አሉኝ።

"ሐውልቱን ነው?"

"ሐውልት አይደለም፤ ራሱን። አመዱ ከትምህርት ቤቱ የነሐስ በር በላይ ነው ያለው። ልጆቹ በየቀኑ በሥሩ ያልፋሉ።"

ካፒቴኑ ጆን ማክናብ በ1732 እዚሁ ተወለደ፣ ባሕር ላይ ወጣ፣ ባለ መርከብ ሆኖ ከበረ። ንጹሕ ገንዘብ ብቻ አልነበረም፤ በባሪያ ማመላለሱም ሥራ እጁ ነበረበት። በ1802 ሲሞት ከሀብቱ ግማሹን ለተወለደበት አጥቢያ ድሆች ተናዘዘ። የድሆች መጦሪያ ይሁን ወይስ ትምህርት ቤት? ክርክሩ ዓመታት ፈጅቶ ትምህርት ቤቱ በ1818 ተመሠረተ። ሬሳ ሣጥኑ ለንደን ውስጥ የተገኘው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ያኔ አቃጥለው አመዱን አመጡት።

ለድሆች የተባለው ትምህርት ቤት ዛሬ የግል ነው፤ የሚገባውም በአብዛኛው ክፍያ የቻለ ነው። ይሄን ሳነሳ ባልቴቷ ትከሻቸውን ነቀነቁና ወሬውን ወደ ውሻቸው አዞሩት።

ከዚያ ወደ ካምቤል ግንብ ወጣሁ። በግራና በቀኙ የሚወርዱት ጅረቶች የሐዘን ጅረትና የጭንቀት ጅረት ይባላሉ። ስም አወጣጥ ያውቃሉ! ጭቃው ጫማዬን ጨረሰው። ስወርድ አውቶቡሱ ከሰዓቱ በፊት ሄዷል፤ የሚቀጥለው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው።

ባልቴቷ ውሻቸውን ይዘው ሲመለሱ እዚያው ቁጭ ብዬ ስንቀጠቀጥ አገኙኝ። ከቦርሳቸው ጎኑ የጎደጎደ አረንጓዴ ፔርሙዝ አወጡ።

"ይሄን የፈለሰፈውም እዚህ ነው የተማረው" አሉኝ፣ ክዳኑን እየፈቱ። ጄምስ ዴዋር ማለታቸው ነው። ፓተንት ስላላወጣበት ሌሎች ሸጠው ከበሩ፤ እሱ ከስሶም አልረታም።

ሻዩ ይፋጃል። ወተት ገብቶበታል። ወተት የገባበት ሻይ አልወድም። ሁለቴ አስቀዳሁ።