ስሙን ከሶሉ መለየት፦ ደሴ ላይ ስኒከር ስሸጥ የተማርኩት

ደሴ ውስጥ ስኒከር እሸጣለሁ። አንዱ መደርደሪያ ሰልባጅ ነው፣ ሌላው አዲስ። ሱቄ የሚገባ ወጣት ብዙውን ጊዜ የእግሩን ቁጥር ሳይነግረኝ ስም ይጠራል። «ጆርዳን አለ?» «ዪዚ አለ?» (ዪዚ ራፐሩ ካንዬ ዌስት ከአዲዳስ ጋር ያወጣው ጫማ ነው።)

ይህን አልንቅም። አምሮበት ፒያሳ ላይ መታየት ለወጣት ትልቅ ነገር ነው። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። አሜሪካዊው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ማይክል ጆርዳን ለመጨረሻ ጊዜ የተጫወተው በፈረንጆቹ 2003 ነው። ጫማውን የሚጠይቁኝ አብዛኞቹ ልጆች ያኔ አልተወለዱም። ስሙ እንዴት እነሱ ዘንድ ደረሰ?

ታሪኩን ፈልጌ አነበብኩ። የጫማ ኩባንያው ናይክ ጆርዳንን ያስፈረመው በ1984፣ ገና ጀማሪ ተጫዋች ሳለ ነው። በስሙ የተሰየመው የመጀመሪያው ጫማ፣ ኤር ጆርዳን፣ በ1985 በ65 ዶላር ለገበያ ወጣ። ኩባንያው በጥቂት ዓመታት 3 ሚሊዮን ዶላር ቢሸጥልን ብሎ ነበር ያሰበው። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ 126 ሚሊዮን ተሸጠ። የቅርጫት ኳስ ሊጉ የጫማው ቀለም ደንብ ይጥሳል ሲል፣ ናይክ ክልከላውን ራሱን ማስታወቂያ አደረገው። በ1986 ደግሞ ተፎካካሪው አዲዳስ ከራፕ ቡድኑ ራን ዲኤምሲ ጋር ተዋዋለ። ጫማ ለመሸጥ ስፖርተኛ ብቻ ሳይሆን ዘፋኝም እንደሚበቃ ያኔ ታየ።

ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣው ለዋናው ጫማ ነው። እኛ ገበያ የሚመጣው አዲስ «ጆርዳን» ግን በአብዛኛው ኮፒ ነው። ማስታወቂያውን የከፈለ ሌላ፣ ጫማውን የሠራ ሌላ። ስለዚህ ስሙ ስለ ሶሉም ሆነ ስለ ስፌቱ ምንም አይነግርህም። ገዢው ግን ለስሙ ተጨማሪ ብር ይከፍላል። ይሄ ነው የማይዋጥልኝ።

እናም የሐሰት ምልክት የተለጠፈባቸውን ማምጣት አቆምኩ። አዲሱን መደርደሪያ ዝናን በማይጠቅሱ ጫማዎች ሞላሁት፣ የአገር ውስጥ ሥራም ጨመርኩበት። መጀመሪያ ላይ ገበያው ቀዘቀዘ። ልጆቹ በር ላይ ቆመው አይተው ወደ ቀጣዩ ሱቅ ያልፉ ነበር።

ነገሩን የቀየረው መጋዝ ነው። ጎረቤቴ ጫማ ሰፊ ነው። አንድ የቀረኝን ኮፒ ጆርዳንና ከሰልባጅ የወጣ አንድ ዋና ጆርዳን ይዘን ለሁለት ሰነጠቅናቸው። የዋናው ተረከዝ ውስጥ የአየር ከረጢት አለ። የኮፒው ውስጥ ጎድጓዳ ፕላስቲክና ስስ ስፖንጅ ብቻ ነበር። ሁለቱንም ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኳቸው። ከዚያ በኋላ እኔ ብዙ መናገር አላስፈለገኝም።

አንድ ቀን ከሐይቅ ከተማ የመጡ አባት ከልጃቸው ጋር ገቡ። የተሰነጠቀውን ኮፒ አንስተው «ይሄ የሚዘለው ሰውዬ ማን ነው?» አሉ።

«ማይክል ጆርዳን ነው አባባ» አለ ልጁ።

«ታዲያ ብራችን ለሱ ነው የሚደርሰው?»

«ከዚህኛው ለሱም አይደርሰውም፣ አባቴ። በስሙ ሌላው ነው የሚበላበት» አልኳቸው።

ልጁ ቅር አለው። አልተጫንኩትም። ሁለቱንም አዟዙሮ እንዲያይ ሰጠሁትና ሰልባጁን መደርደሪያ አሳየሁት። በመጨረሻ የመረጠው ያገለገለ ዋና ጆርዳን ነው። ደስ አለኝ። ስሙን መውደድ መብቱ ነው፣ ከስሙ ጋር ጫማውንም አገኘ።

ሰልባጅ ስትገዙ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ንጹሕ መሆኑ ብቻ አያታልላችሁ። አንዳንዱ የስፖንጅ ሶል ሳይለበስም ዓመት ሲቆጠርበት ይፈረካከሳል። በአውራ ጣት ጥፍር ጫን በሉት፤ ዱቄት ከወጣው ተዉት። ጫማውን እጠፉት፤ መታጠፍ ያለበት ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ እንጂ መሃል ላይ አይደለም። ምላሱ ውስጥ ያለውን ኮድ ስልካችሁ ላይ ፈልጉ። ሌላ ጫማ ከመጣ ኮፒ ነው። ትክክለኛው ቢመጣም አትቸኩሉ፣ ኮፒ ሠሪዎች ኮዱንም ይገለብጣሉ።

እዚሁ ደሴ፣ ሆጤ ላይ ጠዋት ጠዋት የሚሮጡ ልጆች ጥያቄ ደግሞ ለየት ይላል። እነሱ የሚጠሩት የራሳችንን ሰው ነው። ትዕግስት አሰፋ በ2023 በርሊን ማራቶን ላይ በ2፡11፡53 ገብታ የሴቶችን የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር ያደረገችው የአዲዳስ ጫማ 138 ግራም ይመዝናል፣ ዋጋው 500 ዶላር ነበር። እኔም ስታሸንፍ ልቤ ሞልቷል። ግን ኩባንያው ራሱ ያን ጫማ የሠራው ለአንድ ማራቶንና ለጥቂት ማለማመጃ ነው። በየቀኑ የደሴን ዳገትና ኮብልስቶን ለሚረግጥ ልጅ አይሆንም። ለእነዚህ ልጆች ተረከዙ ወፈር ያለ፣ ሶሉ የሚይዝ ጫማ ነው የማወጣላቸው። ብር ከተረፋቸው ጎረቤቴ ዘንድ ሄደው ዙሪያውን ያሰፉታል፤ ማስቲሽ ብቻውን ክረምት አይችልም።

አሁን ገበያው ተመልሷል። እንደ ድሮው ስም ጠርቶ የሚገባ አለ፣ ግን ወደ ባንኮኒው ጠጋ ብሎ ጫማ አጥፎ የሚያይም በዝቷል። የጎደለኝ ለሴቶች ቁጥር የሚሆን፣ በዝናብ የማያዳልጥ ሶል ያለው አዲስ ጫማ ነው። ክረምቱ ሳይገባ እሱን እያፈላለግኩ ነው።