መለያው ፈሳሹን ይከተል፦ የቤት ውስጥ ጠመቃ መዝገቤ እስካሁን

ማብላያ ባልዲው አንድ ብቻ ሲሆን መለያ የሚባል ነገር አያስፈልግም። አንዱ ሲብላላ፣ ሌላው ሲጠልል፣ ሦስተኛው ጠርሙስ ውስጥ ጋዝ ሲይዝ ግን ሁሉም ለዓይን አንድ ዓይነት ቡናማ ፈሳሽ ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ ቢራው ሳይሆን ስለ አመዘጋገቡ ላካፍላችሁ።

ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ሁለት ቁጥሮችን መለየቴ ነው። እያንዳንዱ ዕቃ በጎኑ የተጻፈ የራሱ ቋሚ ቁጥር አለው፤ ጠመቃው ደግሞ ሌላ ተከታታይ ቁጥር። የጠመቃው ቁጥር ፕላስተር ላይ ተጽፎ ፈሳሹ በሄደበት ይሄዳል። ከባልዲ 2 ወደ ባልዲ 4 ሳዛውረው ፕላስተሩም ተላጦ አብሮ ይሻገራል፤ ደብተሩ ላይ ቀኑና የሁለቱም ባልዲዎች ቁጥር ይሰፍራል። የአንዱን ብቅል ጭማቂ ለሁለት ከፍዬ የተለያየ እርሾ ስጨምርበት 14ሀ እና 14ለ እላቸዋለሁ።

ይህ ሁሉ ትርፍ ድካም ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የኮመጠጡትን ጠመቃዎች ገጽ ወደ ኋላ ሳገላብጥ፣ ብቅላቸውም እርሾአቸውም የተለያየ ሆኖ ሁሉም በአንድ ባልዲ እንዳለፉ አየሁ። የመቅጃ ቧንቧውን ፈትቼ ስመለከት ከጎማው ሥር ቡናማ ዝቃጭ ተጋግሮ ተቀምጧል። በመጋጠሚያና በጭረት ውስጥ እንዲህ ያለ ቆሻሻ ሲደርቅ ባክቴሪያ ይሸሸግበታል፣ ማጽጃውም በደንብ አይደርስበትም። ባልዲው ቁጥር ባይኖረው ኖሮ ጥፋቱን በእርሾው አላክክ ነበር።

መለያው ላይ የምጽፈው ጥቂት ነው፦ የጠመቃው ቁጥር፣ እርሾ የገባበት ቀን፣ የእርሾው ዓይነትና የመነሻ እፍግታ (ስኳር ያለበት ፈሳሽ ከመብላላቱ በፊት ከውኃ አንጻር ያለው ክብደት)። የቀረው ሁሉ ለደብተሩ ነው። የመነሻ እፍግታን ያስቀደምኩት ስኳሩ መብላላት ከጀመረ በኋላ እንደገና መለካት ስለማይቻል ነው። እፍግታ መለኪያው ሃይድሮሜትር መጀመሪያ 1.050፣ መጨረሻ 1.012 ካሳየ ልዩነቱ 0.038 ነው፤ ይህ ለዚህ ስሌት በተለመደው ቋሚ ቁጥር በ131.25 ሲባዛ አልኮሉ 5 በመቶ ገደማ ይሆናል። የመጀመሪያው ቁጥር ከጠፋ ስሌቱም አብሮ ይጠፋል። ቀጣዮቹን ንባቦችም እዚያው ፕላስተሩ ላይ ከነቀናቸው እደረድራለሁ። ወደ ጠርሙስ ይገልበጥ ወይስ ይቆይ የሚለው ውሳኔ የሚሰጠው ባልዲው ፊት ቆሞ ነውና። በቀናት ልዩነት የተወሰዱ ንባቦች እኩል ካልሆኑ እርሾው ገና ሥራ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ጠርሙስ ውስጥ መክተት ፍንዳታ መጋበዝ ነው።

መክደኛ ላይ ግን በፍጹም አትጻፉ። መክደኞች በእጥበት ጊዜ ይቀያየራሉ፤ ከዚያ በኋላ መለያው በልበ ሙሉነት ይዋሻል። ጋዝ ከሚወጣበት ቀዳዳ በታች ባለው ጎን መለጠፍም አይመከርም፤ አረፋው ገንፍሎ ሲወርድ ጽሑፉን ይዞት ይሄዳል። የማርከር ቀለም በማጽጃ አልኮል ስለሚለቅ ወረቀት ፕላስተር ላይ በእርሳስ መጻፍን መርጫለሁ። እርሳስን አልኮልም ውኃም አያሟሟውም። ዕቃው ቀዝቅዞ ካላበው ደግሞ መጀመሪያ በጨርቅ ማድረቅ ነው፤ እርጥብ ላይ የተለጠፈ ፕላስተር አያድርም።

ለጠርሙሶች ወረቀት መለጠፉን ትቼዋለሁ። ቁጥሩን ቆርኪው ላይ በማርከር እጽፋለሁ፤ ጠርሙሱ ሲከፈት ቁጥሩም አብሮ ይጣላል፣ ሙጫ መፋቅ የለም። ለሚቀጥለው ጠመቃ የማስቀምጠው አተላ፣ ማለትም ከታች የዘቀጠው እርሾ፣ ግን ሙሉ መለያ ይገባዋል፦ ከየትኛው ጠመቃ እንደተወሰደ፣ ስንተኛ ትውልድ (ለስንተኛ ጊዜ የሚጠመቅበት) እንደሆነና የተቀመጠበት ቀን። ማሰሮው ውስጥ ሲያዩት አንዱ አተላ ከሌላው አይለይምና።

አሁን ደብተሩ ላይ የቅምሻ ዓምድ ጨምሬያለሁ። ጠርሙሱን ሌላ ሰው ይከፍታል፣ ቆርኪውን ኪሱ ይከታል፣ እኔ ቀምሼ እጽፋለሁ፤ ከዚያ ቆርኪው ይወጣና ከቁጥሩ ጋር እናስተያያለን። እንደ 14ሀ እና 14ለ ያሉትን በዚህ መንገድ የሞከራችሁ ካላችሁ የእርሾው ልዩነት በመዓዛው ነው ወይስ በጣዕሙ ቀድሞ የታወቃችሁ?